በእናቱም የለ፣ በአባቱም የለ

«ልጁ እዚህ ይቀራል፤ እሷ ጨርቋን ጠቅልላ ወላጆቿ ዘንድ አምበር ትገባለች። ዛሬ በሽማግሌ ፊት ይህንኑ ትናገራለህ፤ አለቀ።» ይህን ያሉት የእህቴ ልጅ አማት እትዬ ወለተ ኪዳን ናቸው። ያሉት ለልጃቸው ለደመላሽ ነው። የሰማሁት ደግሞ እኔ አንሙት ነኝ፤ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ፣ በሐምሌ ጭቃ አንድ እግሬን አንሥቼ እንደ ሽመላ ቆሜ። የእኔ ጆሮ የዋዛ ጆሮ አይደለም። አንድ ጊዜ ገበያ ማዶ ሆኜ ሁለት ነጋዴዎች ስለ ጤፍ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ በማግሥቱ ዋጋውን ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ አስወድጄዋለሁ፤ ያላመነ የእህል በረንዳ ደላሎችን ይጠይቅ፣ የሠራሁትን አሳንሰው ካልነገሩት።

ደመላሽ ምን ብሎ እንደመለሰ አልሰማሁም፤ አልመለሰማ። ይህ ሰው እንዲህ ነው። ብረት በያጅ ነው፤ በርና መስኮት፣ የግቢ መዝጊያ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ብረቱ ሲጮኽበት ስለሚውል ነው መሰለኝ እሱ ድምፅ አያወጣም። እኔ በአንድ ትንፋሽ የምናገረውን እሱ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ አይጨርሰውም። የእህቴን ልጅ የብርጓልን ሲያገባ ዘር የቆጠርኩት እኔ ነበርኩ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ሥጋ እንዳይገናኝ፣ በዚያውም በዘር የሚወርድ ክፉ በሽታ እንዳይኖር ይጣራል። ሌላው ሰባቱን ሲቆጥር ምላሱ ይደርቃል፤ እኔ በዚያ ቀን አሥራ አራት ቆጥሬ ልቀጥል ስል «በቃህ፣ አዳም ዘንድ ልትደርስ ነው» ብለው በጠላ ነው ያስቆሙኝ። ንጹሕ ዘር ነው ብዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የሁለቱ ልጅ አምደሚካኤል ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ትኩሳት በነካው ቁጥር ዓይኑ ይገለበጣል፣ እጅ እግሩ ይንዘፈዘፋል። እና ነገሩ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ፤ «የሚጥል በሽታ ያለበት ዘር ደብቀው ሰጡን» ተባለ። ስለዚህ ዛሬ ለፍርድ የምትቀርበው የብርጓል ብቻ አይደለችም፤ አሥራ አራቱም ቤት ከነእኔ ነው።

ሳል አሰምቼ ገባሁ። እትዬ ወለተ ኪዳን ደጃፉ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ገና ጎህ ሲቀድ እንደለበሱ ያስታውቃል፤ ለሽማግሌ የለበሰ ሰው ልብሱ ይንኮሻኮሻል።

«ሽማግሌው ከቀትር በኋላ ነው አንሙት። ቀድመህ ልታወራው መጣህ?»

«እንደምን አደሩ እትዬ። ሐኪም ቤት ላደርሳቸው ነው።»

«ሐኪም!» አሉ፤ ወደ ሰማይ አዩ። «ደሙን ለፈረንጅ ልካችሁ፣ ፈረንጅ ስለ ወለተ ኪዳን የልጅ ልጅ ምን ያውቃል? ዘር ነው የሚላችሁ። ከየት በኩል እንደሆነ ደግሞ እኛ ሳንጠይቅ እናውቀዋለን።» ይህን እያሉ አዝላው የወጣችውን የብርጓልን ጠጋ ብለው ልጁን ከጀርባዋ ላይ ሳሙት፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ሳቡለት፣ «ነፋስ እንዳይመታብኝ፣ አባቴ» አሉት። ሴትየዋ ክፉ ናቸው ብዬ በተናገርኩ ቁጥር ይህች ነገር ታሰናክለኛለች፤ ለዚያ ልጅ ያላቸው ፍቅር የማይረባ ፍቅር አይደለም። የብርጓል ግን ይህ ሁሉ ሲባል አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥር ነበር፤ ስትፈታ፣ ስትቋጥር። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ያን ቆርቆሮ አጥር በምላሴ ነቅዬ በወሰድኩት ነበር።

ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ መቶ ሃምሳ ብር አለ፣ እኔ በሰማንያ አስማማሁት፤ ለቅናሹ የተናገርኩት ንግግር ግን ከዚያ በላይ ያወጣል። ከመለዋወጫ ሱቆች በላይ ያለ ፎቅ ነው ክሊኒኩ፤ ደረጃው በዘይት የጠቆረ፣ መጠበቂያው አምስት የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የጥርስ ሥዕል። ዶክተር እየሩስ በወር አንድ ቀን ከባሕር ዳር ትመጣለች፤ ረፋዱን አክማ ወዲያው ትመለሳለች። ከወራት በፊት የሦስቱንም ደም ወስዳ ውጭ አገር ለሚደረግ ምርመራ ልካ ነበር፤ የልጁን፣ የየብርጓልን፣ የደመላሽንም። ደመላሽ ደም መስጠቱን ግን እናቱ አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት ጥፋቱ በሚፈለግበት በኩል የተወሰደውን ብቻ ነው።

«እርስዎ አያቱ ነዎት?» አለችኝ ዶክተሯ።

«የእናቱ አጎት ነኝ። የዘሩ ቆጣሪ።»

«እንኳን መጡ። ውጤቱ ደርሷል። እንደጠረጠርነው ነው፤ የጂን ችግር ነው።»

ከታች ጎማ የሚነፋው ማሽን ይጮኻል፣ ይቆማል፣ ይጮኻል። የብርጓል ልጇን ከጭኗ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «ጂን ማለት ያው ዘር ማለት አይደል?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ። ደመላሽ መሬት መሬት አየ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሥራ አራቱን ቤት በልቤ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመርኩ፤ አንዱ ቅድመ አያት የደበቀኝ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ።

ዶክተሯ ወንበሯን ሳበች። «ቀስ ብለን እንሂድ። የነርቭ ሴሎች እያንዳንዳቸው በስስ ሽፋን የታጠሩ ናቸው። በዚያ ሽፋን ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ ደቃቅ በሮች ተተክለዋል። በአንደኛው ዓይነት በር የሚያልፈው ሶዲየም ነው፤ በጨው ውስጥ ያለው። እሱ ሲገባ ሴሉ መልእክት ይልካል። ይህን በር የሚያሠራው ጂን ኤስ ሲ ኤን ዋን ኤ ይባላል። ሁላችንም ሁለት ሁለት ቅጂ አለን። አምደሚካኤል ላይ አንደኛው ቅጂ ተበላሽቷል፤ ስለዚህ ግማሾቹ በሮች አልተሠሩም።» እኔ ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ሰምቼ ያዝኩት። «እርስዎ ሐኪም መሆን ነበረብዎ» ልትለኝ ስትቃጣም ከፊቷ ላይ አንብቤያለሁ፤ ሥራ ስለበዛባት ተወችው።

ደመላሽ ግን ራሱን ቀና አደረገ። በር ሲባል ጊዜ ነው የሰማው። «በሩ ካነሰ መልእክቱ ማነስ ነበረበት። ዝም ማለት ነበረበት። ለምን ይንፈራገጣል?»

«ጥሩ ነው የጠየቅከው» አለች። «እነዚህ በሮች በብዛት ያሉት ሌሎቹን ሴሎች ‹ተዉ፣ ረጋ በሉ› በሚሉት ላይ ነው። የደከሙት ገላጋዮቹ ናቸው። ሰውነቱ ሲግል ደግሞ ይብስባቸዋል።»

«ሽማግሌ የሌለው ሰፈር በይኛ!» አልኩ። ሳቀች። ደመላሽ አልሳቀም፤ እጁን ከጉልበቱ ላይ አላነሣም፤ ጥፍሩ ሥር የብየዳ ጥላሸት አለ። ሊጠይቅ የመጣውን ገና አልጠየቀም። ሦስታችንም እናውቃለን። በመጨረሻ የብርጓል ልጇን እያየች፣ እሱን የምታናግር መስላ፣ «ታዲያ ከማን መጣብህ?» አለች።

«ከማንም» አለች ዶክተር እየሩስ። «የሦስታችሁንም አይተናል። በእናቱም የለም፣ በአባቱም የለም። ሲጸነስ በእሱ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። በዚህ ሕመም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ማንም ያደረገው ነገር የለም።»

እኔ በልጅነቴ ዲማ ቆሎ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ሦስት ወር ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፣ ግን ለሦስት ወር በጣም ብዙ አውቃለሁ። እዚያ ብራና የሚገለብጡ መምህር አይቻለሁ። ከደህና መጽሐፍ፣ በደህና እጅ፣ ሲጽፉ ሲጽፉ ግን አንዲት ፊደል ትዘላለች፤ መጽሐፉ ጥፋት የለበት፣ ጸሐፊው ክፋት የለበት። ይህን ስነግራት «በትክክል» አለች። ይህችኛዋን ቃል በአፏ ብላታለች፤ እኔ አልጨመርኩም። ከዚያ ወደ መድኃኒቱ ገባች። የሚያሳድገው ይጠንቀቅ፤ ሙቀት ጠላቱ ነው። አይሸፋፈን፣ በሙቅ ውሃ አይታጠብ፣ ትኩሳት ሲነካው ቶሎ ልብሱ ይውለቅ። ሲጥለው በጎኑ ይተኛ፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይግባ። ቶሎ ካልለቀቀው በዚህ መርፌ በሌለው ስሪንጅ መድኃኒቱ በጉንጩ ውስጥ ይሰጠው፣ ካላቆመ ሆስፒታል ይሮጥ። ደመላሽ ስሪንጁን ተቀብሎ በደረት ኪሱ ከተተው። ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው፤ መኖሩን ሊያይ።

ደረጃው መሐል ላይ የብርጓል ዘይቱ ላይ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። «አያ» አለችኝ፣ «ዛሬ ይንገሩልኝ። አያስረዝሙት እንጂ ይንገሩልኝ። ልጄን ጥዬ አምበር አልገባም።»

«እኔ ብናገረው አይሻልም?» አለ ደመላሽ።

ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። «አንተ ስትናገር ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህ ነገር ድምፅ ይፈልጋል። ለእኔ ተወው።» ተወልኝ።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ይወርድ ነበር። የእትዬ ወለተ ኪዳን ሳሎን አራት በአራት ናት፤ በዚያን ቀን ግን የጎጃም ሕዝብ በሙሉ የገባባት መስሎኝ ነበር። ከዕድር የተዋሱት ወንበር በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል፤ ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኗል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ስንጥቁ ላይ ጨርቅ ተወትፏል፣ የደብረ ማርቆስ ብርድ እንዳይገባ። መሐል ላይ የከሰል ማንደጃው ቀልቷል። ከላይ የተቀመጡት የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በቀኛቸው አቶ ፈንታ፣ ከደምበጫ ድረስ የመጣ ሰው፤ የወንድሙ ልጅ የደመላሽን እኅት ሂዊን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ ቀኑ ሊቆረጥ ነው። ለምን ለዚህ ሽምግልና እንደተጠራ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ እትዬ ወለተ ኪዳን ቤታቸው ሲጸዳ በዓይኑ እንዲያይ ነው። ሁለት የሰፈር ሽማግሎች ደግሞ ለጠላው መጥተዋል። ሂዊ ራሷ ማንቆርቆሪያ ይዛ ትቀዳለች፤ ዓይኗን ከብርጭቆ አታነሣም። አምደሚካኤል በአያቱ ጭን ላይ ነው፤ በሹራብ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጋቢ። የብርጓል በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ዓይኗ ከልጁ አይነቀልም። አንድ ጊዜ ተነሥታ ጋቢውን ገለጥ ልታደርግለት እጇን ስትዘረጋ አማቷ ሳያዩዋት እጇን መለሱት፤ «በሐምሌ! ልጄን ብርድ ልታስመቺው!»

አባ ባረኩና እትዬ ወለተ ኪዳን ተናገሩ። አልጮኹም። እንዲያውም ያስፈራው አለመጮኻቸው ነው። «ልጅቷን አልጠላኋትም። እጇ ሙያ ያውቃል፣ አፏ ክፉ አይወጣውም። ግን ደብቃችሁ ሰጣችሁን። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። የአቶ ፈንታ ወገኖች ደጄን የሚጠኑት ንጹሕ ቤት ነው ብለው ነው። በዚህች ልጅ ምክንያት የእኔ ልጅ ቤት ትቅር? የልጅ ልጄን አሳድገዋለሁ፣ ሥጋዬ ነው። እሷ ግን በሰላም ትሂድልኝ።» አቶ ፈንታ ጢሙን እየዳሰሰ ራሱን ነቀነቀ። ደመላሽ ማንደጃውን ያያል። እናቱ ዓይናቸውን ጣሉበት፤ ተራህ ነው እንደማለት። አልተናገረም።

ተነሣሁ። ጋቢዬን ወደ ግራ ትከሻዬ ወረወርኩ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በሰው ዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣው፤ ለእኔ ስንት ጊዜ እንደመጣ አልቆጠርኩም። ስለ ሴሉ ነገርኳቸው፤ በሮቹን ቁጥራቸውን ከሰማይ ከዋክብት አበዛሁት። ዶክተሯን ከባሕር ዳር ወስጄ ጀርመን አደረስኳት። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «በእናቱ ደም ተፈለገ» አልኩ፤ አየሁዋቸው፤ «የለም!» የብርጓል ትንፋሿን ስትለቅ ሰማሁ። እዚያ ላይ ብቀመጥ ኖሮ! ግን ለደመላሽ ወገንም ትንሽ ልጨምር፣ ቸርነት ላሳይ ብዬ፣ «በአባቱም ደም ተፈለገ። የለም! እንዲያውም ልንገራችሁ፣ የዚህ ልጅ ደምና የደመላሽ ደም ሲተያይ ምኑም ከምኑ አይገናኝም! ሐኪሟ ብትፈልግ ብትፈልግ ከደመላሽ የመጣ አንዲት ነገር አጣችበት!»

ማንም አላጨበጨበም። የከሰሉ ፍንጣሪ ጠሽ አለ።

«እስቲ ድገመው አንሙት» አሉ እትዬ ወለተ ኪዳን።

ድገም ስባል ደስ ይለኛል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

«ከእናቱም አይደለም አልክ» አሉ፤ ጣታቸውን አጠፉ። «ከልጄም አይደለም አልክ» አሉ፤ ሁለተኛዋን አጠፉ። «ሰው ከአባቱና ከእናቱ ሌላ ከየት ያመጣል? ከደመላሽ የመጣ አንዲት ነገር ከሌለበት፣ ከሌላ ሰው ነው። ሌላው ሰው ማን ነው?»

ያን ጊዜ ነው ያልኩትን የሰማሁት። አሮጊቷ ልጁን አዩት፤ ፊቱን ዞር ዞር አድርገው፣ እንደማያውቁት ዕቃ። ከዚያ ከጭናቸው አንሥተው፣ ሳይጥሉት፣ ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ጋቢው እንደተጠመጠመበት ነው። የብርጓል ከዱካዋ ተነሥታ ቆመች። «ኧረ እንዲያ አይደለም!» አልኩ፤ «አዲስ ነው! ከማንም ያልመጣ፣ ሲጸነስ የተፈጠረ! እንደ ብራና ፊደል...» አባ ገብረ ሚካኤል እጃቸውን አነሡብኝ።

«አንሙት፣ አንተ ስትናገር ግማሹን ጥለን ነው የምንሰማህ። አሁን የትኛውን ግማሽ እንጣል?»

«ሐኪሟ ትጠየቅ!»

«የት ናት?»

መንገድ ላይ ናት፤ ስልኳ የለንም፣ ቢኖረንም ኔትወርኩ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ከሰፈር ሽማግሎቹ አንዱ «የታየ ነገር አለ እንዴ?» ብሎ በሹክሹክታ ጎረቤቱን ጠየቀ፤ የብርጓልን ማለቱ ነው። ሹክሹክታው ከጩኸት ይበልጥ ተሰማ። ሂዊ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ባለችበት ቀረች፤ ጠላው ከብርጭቆው ሞልቶ በአቶ ፈንታ ጫማ ላይ ይፈሳል፣ አላየችም።

ከዚያ ምንጣፉ ላይ ያ ድምፅ ወጣ። የሰማው አይረሳውም፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲታነቅ። የአምደሚካኤል ዓይን ተገለበጠ፣ ጋቢው ውስጥ እጁ መምታት ጀመረ። «ክብሪት! ክብሪት ጭሩና አሽትቱት!» አለ አንዱ። አባ መስቀላቸውን አወጡ። አቶ ፈንታ ሁለት እግሩን ወደ ወንበሩ ሰበሰበ፤ ለሀጩ የነካው ይጋባበታል ይባላልና። ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ፣ ልጁ መሐል ላይ ብቻውን ቀረ። እናቱ ስትደርስ ደመላሽ ቀድሟት ተንበርክኳል። ጋቢውን ገፈፈው፣ ሹራቡን በአንገቱ ሳበው፣ ሁለተኛውንም፤ ልጁን በጎኑ አስተኛው። «መስኮቱን» አለ፤ የብርጓል ጨርቁን ነቅላ ከፈተችው፣ ዝናብና ብርድ ገባ። ክብሪት የያዘውን እጅ ሳያየው ገፋው። ከደረት ኪሱ ስሪንጁን አውጥቶ በጉንጩ ውስጥ ቀስ ብሎ ለቀቀለት። ከዚያ ጠበቅን። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነገር ጠብቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ጠብቄ አላውቅም፤ ይህን አላጋነንኩትም። ልጁ ይንዘፈዘፋል፣ አባቱ አንገቱን ደግፎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ይመለከተዋል። ቀስ በቀስ እጁ ላላ፤ እግሩ ላላ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ማንኮራፋት ጀመረ።

ማንም ወደ ቦታው አልተመለሰም። እትዬ ወለተ ኪዳን አልቅሰዋል፣ ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። «የማን ብዬ ልንካው?» አሉ፤ ለማንም አይደለም የጠየቁት። «ንገሩኝ፣ የማን ብዬ?»

«የእኔ ነው» አለ ደመላሽ። ቀና አላለም። «በሽታውም የእኔ ነው።»

አባ ገብረ ሚካኤል ጎንበስ አሉ። «ምን አልክ ልጄ?»

«አያ አንሙት የተናገሩት ሊሸፍኑልኝ ብለው ነው። እኔ ነኝ የለመንኳቸው። ሐኪሟ የየብርጓልን ደም አየች፣ የለበትም። የእኔን አየች፤ ተገኘ። ከእኔ ነው የወረደበት።» ድምፁ የብረት ዋጋ የሚናገር ይመስላል፤ ከፍ የለው፣ ዝቅ የለው።

«ደም ሰጥተሃል?» አሉ እናቱ።

«ሰጥቻለሁ እማ።»

የብርጓል «አይ...» ብላ ጀመረች። ደመላሽ ከተንበረከከበት እጁን ዘርግቶ የእጇን አንጓ ያዘ፤ አልጨመቀውም፣ ያዘው ብቻ። ቃሉ እዚያው ቀረ። አባ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሁሉም ዞረ። ሂዊም ዞረች፤ እሷ ግን የምታየው እኔን አልነበረም፣ ወንድሟን ነው። ያ ሰው ስለ በሽታው ያለው ሁሉ ሐሰት ነው። እኔ ያልኩት ሁሉ፣ ማማሩን ትተን፣ እውነት ነው። ተነሥቼ አስረድቼ፣ ምዬ ተገዝቼ፣ ዶክተሯ እስክትመለስ ቀጥሬ ልሟገት እችል ነበር፤ በወሩ እውነቱ ይወጣ ነበር። በዚያ ወር ግን የብርጓል የማን ሚስት፣ ልጁ የማን ልጅ ሆኖ ይኖራል? አፌን ከፈትኩ። ሊወጣ የተሰለፈውን ንግግር ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ሆዴ መለስኩት።

«አንሙት፣ እውነት ነው?» አሉ አባ።

«እውነት ነው አባ። ዋሽቻችኋለሁ።»

በኖርኩበት ዘመን እንዲህ ቶሎ የታመንኩበት ቀን የለም። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ኤዲያ፣ እሱን ደግሞ ማን ሰምቶት ነበር» ተባባሉ። እትዬ ወለተ ኪዳን ወንበሩን ተደግፈው ልጃቸውን ያዩ ነበር፤ ከዚያ ሴት ልጃቸውን፤ ከዚያ አቶ ፈንታን። አቶ ፈንታ እግሩን ከወንበሩ አውርዶ ጫማውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «እንግዲህ» አለ። «ዝናቡ ሳይብስ መንገድ ልያዝ። የዚያኛውን ነገር... እንነጋገርበታለን። ተቆራርጠን አንቀር።»

ማንም ቆይ አላለውም። ደመላሽ ከመሬት ሆኖ እኅቱን ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር። ሂዊ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ወደ በሩ ሄዳ ከማዕዘኑ የአቶ ፈንታን ዣንጥላ አነሣች፤ ውሃውን አራገፈችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «ይያዙ፣ አባባ። ዝናብ ነው።» አቶ ፈንታ ጣቷን ላለመንካት በጫፉ በኩል ተቀበላትና ወጣ። እሷም ተከትላው እስከ በረንዳው ሄደች፣ እዚያ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

አባ ሊመርቁ ጀምረው ተዉት። እትዬ ወለተ ኪዳን ሁለት እርምጃ ወደ ልጃቸው ቀረቡ። «በእኔ በኩል ነው ወይስ በአባትህ በኩል?» አሉት፤ ድምፃቸው አሮጊት ሆነ።

«አልጠየቅኩም እማ።»

ረጅም ጊዜ አዩት። ተረድተውት ይሁን፣ አምነውት ይሁን፣ እኔ ፊት በማንበብ አገር ያወቀኝ ሰው ነኝ፣ ያን ፊት ግን አላነበብኩትም። ጉልበታቸውን ይዘው፣ አጥንታቸው እየተንቋቋ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ለምራታቸው ዘረጉ። የብርጓል ልጇን ታቅፋለች፤ አልሰጠችም። አሮጊቷ እጃቸውን አልመለሱም። ነፋሱ በተከፈተው መስኮት ገብቶ ዳንቴሉን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሣው። እትዬ ወለተ ኪዳን ከልማድ የተነሣ በአንድ እጃቸው ወደ ወደቀው ጋቢ ተንጠራሩ፤ የብርጓል በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ግድግዳው አራቀችባቸው። በዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን አማቷን ዓይን ለዓይን ስታያቸው የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

«እንዲሁ ነው የሚያዘው፣ እማማ» አለቻቸው። «እንዲሁ፣ በካናቴራው።»

«እሺ» አሉ።

ጭናቸው ላይ አስተኛችላቸው። ልጁ ያንኮራፋል፣ ግንባሩ ላይ ላብ አለ። አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ያራግቡለት ጀመር፤ የራሳቸው ክንድ በብርድ ቆዳው ተነሥቶ፣ ሳያቋርጡ።